ከወንዙ መታጠፊያ ያልራቀው የወይዘሮ ማርዴል ኤንገን ክሌመንሰን ሕይወት

ወይዘሮ ማርዴል ኤንገን ክሌመንሰን ከአባታቸው ከአቶ ሲግቫልድ ኤንገንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቦርግሂልድ ሊየን፣ በአይዋ ግዛት በቴልፎርድ ካውንቲ፣ ክሬን ወንዝ እንደ ክርን ታጥፎ በሚመለስበት ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1936 ተወለዱ። በዚያ ቀን የወንዙ በረዶ ተሰባብሮ ድልድዩን ስለዘጋው ሐኪሙ መሻገር አልቻሉም፤ ሕፃኗን የተቀበሏት ዕድሜ ልካቸውን ላም ሲያዋልዱ የኖሩት አባታቸው ናቸው። አቶ ሲግቫልድ ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ ከጥጃ አይከብድም ይሉ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ እሳቸው በተወለዱባት በዚያችው የቤቱ ክፍል ታናሽ ወንድማቸው አቶ ኦርቪን ኤንገን ተወለዱ። ክፍሏ ዛሬ የለችም። ይህ ሲነበብ ለቀስተኛው ከተቀመጠበት የፓርኩ ዳስ ወደ ሰሜን ጥቂት ራመድ ቢባል ሣሩ ከሌላው ቀድሞ የሚለመልምበት፣ እናታቸው የተከሉት አስፓራጉስ የተባለው አትክልትም እስካሁን በየጸደዩ የሚያቆጠቁጥበት ቦታ አለ። የኤንገኖች ቤት እዚያ ነበር።

ሁለቱ ልጆች ያደጉት በአንድ ጀልባና በአንድ ጥንድ የበረዶ መንሸራተቻ ነው። ተራ የደረሰው ይንሸራተታል፣ ሌላው ዳር ቆሞ ይሳደባል። ወንዙ አምባዛ ይሰጣቸው ነበር፤ ረግረጋማው መስክ የዔሊ እንቁላል፣ የኦክ ዛፎቹ ጥላ። ወ/ሮ ማርዴል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ኮረብታው ላይ በነበረው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት፣ የሁለተኛ ደረጃውን በከተማ ተከታትለው በ1954 አጠናቀቁ። ከዚያም የመምህርነት ሥልጠና ወስደው በተማሩባት በዚያች ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት፣ እስከተዘጋችበት እስከ 1960 ድረስ አስተማሩ።

ከዚህ በላይ ከመሄዳችን በፊት ስለ አገራችን ሰው ጠባይ አንድ ነገር ማለት ግድ ነው፤ ታሪኩ ያለዚያ አይገባምና። የኖርዌይ ዘር ያለን የዚህ ወንዝ ሰዎች ክፉ ነገርን አንናገርም። ደግ ነገርንም ቢሆን ቆጥበን ነው። ሰው ቤት ተጋብዘን ምግቡ ነፍስ የሚያለመልም ቢሆን መጥፎ አይደለም እንላለን፤ ከዚያ በላይ ምስጋና የለንም። የከበደውን ነገር ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብለን እንተወዋለን። ይህን ጨዋነት ብለን ስንጠራው ኖረናል። ብዙ ጊዜም ጨዋነት ነው።

በ1959 አቶ ኦርቪን ለውትድርና ተጠርተው ወደ ጀርመን ሄዱ። ሲሄዱ የመሬቱን ነገር በልባቸው ጨርሰው ነበር፦ ሲመለሱ ረግረጉን በቦይ ያጠነፍፉታል፣ ወንዝ ዳር ያሉትን ኦኮች ቆርጠው ለእንጨት ነጋዴ ይሸጣሉ፣ የቤተሰቡን ሰማንያ ኤከር መሬት በሙሉ በቆሎ ያደርጉታል። ገበሬ ናቸውና አይፈረድባቸውም። መሬት ደግሞ ለገበሬ ልጅ ሌላ ስም የለውም፣ ነገ ማለት ነው።

እሳቸው በሄዱ በዓመቱ የአቶ ሲግቫልድ ልብ ታመመ። በዚያው ሰሞን አዲስ የተቋቋመው የካውንቲው የተፈጥሮ ጥበቃ ቦርድ፣ ሕዝቡ የሚዝናናበት ወንዝ ዳር መሬት ይፈልግ ነበር። አንድ ሰው መጥቶ ማድቤት ተቀምጦ፣ ቦርዱ ዛፎቹን እንደማይነካ፣ መስኩንም እንደማያርስ ተናገረ። አቶ ሲግቫልድ ሰውየውን ወደ ውጭ ሸኝተው ሲመለሱ፣ ሚስታቸውን ሳይሆን ልጃቸውን ምን ይሻላል ብለው ጠየቁ። ወ/ሮ ማርዴል የሰጡትን መልስ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልካዱም።

‹‹ሽጥላቸው፣ አባባ። ኦርቪን ከመጣ ይቆርጣቸዋል።››

አባታቸው ፈረሙ፤ በኖቬምበር 1960 ዐረፉ። እናታቸው ወደ ከተማ ወርደው ትንሽ ቤት ተከራዩ። መሬቱ መሸጡን ለወታደሩ ልጅ ማን ይንገረው የሚለው ነገር ግን እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ ወደ እጅ እንኳ አልዞረም፤ የጨበጠው አልነበረምና። እናታቸው የሰበካው ፓስተር ጽፈውለታል ብለው አሰቡ። ፓስተሩ የእናት ነገር ነው ብለው ተዉት። ወ/ሮ ማርዴል ፊት ለፊት ካልሆነ አይነገርም ብለው እስኪመለሱ ጠበቁ። ባዕድ አገር ላለ ወታደር ከአባቱ መርዶ በላይ ክፉ ወሬ አይላክም የሚለውን ደግሞ ሁሉም ያምንበት ነበር። እንዲህ ሆኖ አንድ ወረዳ ሙሉ ሕዝብ የሚያውቀውን ነገር የማያውቀው የመሬቱ ልጅ ብቻ ሆነ።

ቦርዱ ቤቱን አልፈለገውም። በአገራችን እንዲህ ያለ ቤት አይፈርስም፤ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች እንዲለማመዱበት ይሰጣል። በኤፕሪል 1961 አንድ ቅዳሜ እሳት አጥፊዎቹ ክፍሎቹን ተራ በተራ እያቀጣጠሉ ሲያጠፉ ዋሉ፤ በመጨረሻም ነድዶ እንዲያልቅ ለቀቁት። ሚስቶቻቸው የአሳማ ሥጋ ሳንድዊችና የሩባርብ ኬክ ይዘው መጥተው ነበር፤ ልጆች በሣሩ ላይ ይሯሯጡ ነበር። እንደ ደንቡ የደስታ ቀን ነው። ወ/ሮ ማርዴል ከእናታቸው ጎን ቆመው የተወለዱባት ክፍል ጣሪያ ሲደረመስ አዩ። በሕይወታቸው አንድ ቀን እንኳ በሰው ፊት አላለቀሱም ይባላል፤ ያን ቀን ግን ጭሱ ሰበብ ሆናቸው። ውሃ በጣሳ ያቀበሏቸው ወጣት እሳት አጥፊ አቶ ዱዌይን ክሌመንሰን ይባሉ ነበር። በዓመቱ ባለቤታቸው ሆኑ። ወ/ሮ ማርዴል የት ተዋወቃችሁ ተብለው ሲጠየቁ ዕድሜ ልካቸውን ‹‹በአንድ ሽርሽር ላይ›› ይሉ ነበር።

አቶ ኦርቪን በጁን ወር ተመለሱ። ድንገት ደርሰው ለማስደሰት ብለው የሚመጡበትን ቀን ለማንም አልነገሩም። ከአውቶቡስ ወርደው ሻንጣቸውን ተሸክመው በእግራቸው ወደ መታጠፊያው ሄዱ፤ ያገኙት ጠቁሮ የቆመ የድንጋይ መሠረትና አዲስ የፈሰሰ ጠጠር ነው። ጠጠሩ ለመኪና ማቆሚያ ነበር። ከዚያ ወደ ከተማ ተመልሰው፣ ሰው ጠይቀው፣ እናታቸው የተከራዩት ቤት ደጅ ላይ እኅታቸውን አገኟቸው። ቁጣ አልነበራቸውም፤ ይህን ወ/ሮ ማርዴል ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል።

‹‹አንድ ሰው እንኳ መናገር አቃተው?›› አሏቸው።

‹‹ፊት ለፊት ልነግርህ ብዬ ነው፣ ኦርቪን።››

‹‹ፊት ለፊት አየሁት።››

በሳምንቱ አቶ ኦርቪን በከተማው ምግብ ቤት፣ በሰው ፊት፣ ያን ሣር እግሬ አይረግጠውም አሉ። ሌላ አገር ሰው ሲናደድ እንዲህ ይላል፣ ሲበርድለት ይተዋል። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ስለማንናገር የተናገርነው ይይዘናል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቦርዱ በ1962 ፓርኩን ሲከፍት ለክብር ብሎ የኤንገን መታጠፊያ የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ነገሩ ቁስል ላይ ጨው ሆነ። አቶ ኦርቪን ስማችንን ሰቅለው መሬታችንን ወሰዱ ብለው፣ ከወንዙ ማዶ፣ ልክ ከመታጠፊያው ፊት ለፊት ባለው ቁልቁለት ላይ ትንሽ ቦታ ገዝተው ቤት ሠሩ። አሳማ አረቡ፣ አገቡ፣ ወለዱ።

ወ/ሮ ማርዴል በ1963 በፓርኩ ውስጥ በድንኳን የሚያርፉ እንግዶችን በመቀበል ሥራ ጀመሩ። ሽንት ቤት አጠቡ፣ ጠረጴዛ ቀለም ቀቡ፣ የሰከረ መክረው አስተኙ። በኋላም የፓርኩ ኃላፊ ሆነው እስከ 1998 አገለገሉ። ከአቶ ዱዌይን ጋር በነበራቸው ትዳር ጃኔልና ከርት የተባሉ ልጆች አፈሩ። ልጆቻቸው እንደሚመሰክሩት እናታቸው የቤታቸውን አቧራ እንጂ የፓርኩን አረም አይታገሡም ነበር፤ ለእናቶች ቀን ስጦታ ምን ይሁንልሽ ሲሏቸው ኑና አብራችሁኝ ንቀሉ ይሉ ነበር።

ፓርኩ በእጃቸው ጎለመሰ። ያኔ ችግኙን በግ ይበላው ስለነበር ጥቂት ትልልቅ ኦኮች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የዛፎቹ ልጆች ዳሱን ከበውታል። ራሰ ነጩ ንስር በልጅነታቸው ጠፍቶ ነበር፤ እሳቸው ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ከታችኛው መታጠፊያ ላይ ጎጆ ሠራ። አንድ ነገር ብቻ ለረጅም ጊዜ እምቢ ብለዋል። ወጣት የቦርዱ ባለሙያዎች የሣሩ መስክ እንዲታደስ በየጸደዩ መቃጠል አለበት ሲሏቸው፣ እዚህ ቦታ በቂ እሳት አይቷል ብለው መለሷቸው። በ1984 በመጨረሻ ፈቀዱ፤ ክብሪቱንም ራሳቸው ጫሩ። በሜይ ወር ከአመዱ ሥር፣ አንገቷን ደፍታ የምታብብ ሐምራዊ አበባ መስኩን ሞላችው። እናታቸው ለገበታ ይቀጥፏት የነበረች፣ ከሰባት ዓመታቸው ወዲህ አይተዋት የማያውቋት አበባ ነች። ዘሯ ከአፈር ውስጥ ሆኖ ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቋል። በዚያ ቀን አመሻሽ ወ/ሮ ማርዴል ወንዙ ዳር ወርደው ለረጅም ጊዜ ወደ ማዶ ሲመለከቱ ታይተዋል፤ የሚያሳዩት ሰው ፈልገው ነበር።

ያ ሰው ሩቅ አልነበረም። አቶ ኦርቪን ሣሩን አልረግጥም አሉ እንጂ ውሃውን አላሉም፤ ወንዝ ደግሞ የካውንቲ አይደለም። በረዶው ከቀለጠበት ቀን አንሥቶ እስኪመለስ ድረስ፣ አመሻሽ ላይ ጠፍጣፋ ጀልባቸውን ይዘው መጥተው ቤቱ ከነበረበት ፊት ለፊት መልሕቅ ይጥላሉ። አምባዛ ያጠምዳሉ ይባላል። ክረምት ሲገባ በረዶ ሸንቁረው ዓሣ የሚያጠምዱባትን ጎጇቸውን በረዶው ላይ እየጎተቱ ከዳርቻው ጥቂት እርምጃ ላይ ይተክሏታል። አንድ ቀን ምግብ ቤት ውስጥ ሰዎች ይህስ ከመሬቱ በምን ይለያል ብለው ሲያላግጡባቸው፣ በረዶ ውሃ ነው ብለው ሾርባቸውን ቀጠሉ። ወ/ሮ ማርዴልም ሥራ ሲጨርሱ ዳር ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። በቤተ ክርስቲያን፣ በሱቅ፣ በልጆች ምረቃ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ። ስለ ቤቱ ግን ቃል የለም። በወንዙም ላይ እንዲሁ፣ አንዳቸው በውሃ፣ አንዳቸው በአግዳሚ፣ እስኪጨልም ይቆያሉ። ወ/ሮ ማርዴል በዚህ ዓለም ከልጆቻቸው ጤና ቀጥሎ አንድ ነገር ይመኙ ነበር፤ ወንድማቸው አንድ ጊዜ ወጥቶ ዛፎቹን ከሥራቸው ሆኖ እንዲያያቸው። ይህን ናፍቆት አልደበቁትም፤ ለእሱ ብቻ አልነገሩትም።

በ1993 ዝናብ ባላቋረጠበት በጋ ክሬን ወንዝ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ፓርኩ ሰጠመ፤ የዳሱ ጣሪያና የኦኮቹ አናት ብቻ ቀሩ። ወ/ሮ ማርዴል ኮረብታው ሥር፣ መንገዱ ውሃ ውስጥ ከሚገባበት ቆመው የሚንሳፈፉ ጠረጴዛዎችን በገመድ ሲስቡ፣ አንድ ጀልባ በዛፎቹ መካከል እየቀዘፈ መጣ። ውሃ ነዋ! አቶ ኦርቪን ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ ወደ ግቢያቸው ገቡ። ጠረጴዛዎቹን አንድ በአንድ እየጎተቱ አቀበሏቸው፤ እንዴት ዋልሽ እንኳ አላሉም። ሲጨርሱ ወደ ሰሜን ቀዝፈው ቆሙና መቅዘፊያቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ታች ሰደዱት።

‹‹የማድቤቱ መስኮት እዚህ ጋ ነበር›› አሉ።

‹‹ትንሽ ወደ ግራህ›› አሏቸው እኅታቸው ካሉበት ሆነው።

ጀልባዋ ፈቀቅ አለች። መቅዘፊያው ድንጋይ ነካ፤ ድምፁ ለሁለቱም ተሰማ።

‹‹እኔ ልነግርህ ይገባኝ ነበር፣ ኦርቪን።››

‹‹ይገባሽ ነበር።›› ቀና ብለው ዙሪያውን አዩ። ‹‹ዛፎቹ መጥፎ አይደሉም።››

ወ/ሮ ማርዴል ይህን ቃል በሰማንያ ዓመታቸው እንኳ ይደጋግሙት ነበር። ከዚህ በላይ ምስጋና እንደሌለን ቀደም ሲል ተነግሯል። ያኔ ደፍረው ውሃው ሲጎድል በእግርህ ና አሏቸው። አቶ ኦርቪን የመለሱት ‹‹ከአፌ ወጥቷል እኮ፣ ማርዴል›› ብለው ነው፤ የእምቢታ ድምፅ አልነበረውም፣ የተያዘ ሰው ድምፅ ነበር። ጎርፉ እስኪሸሽ በየቀኑ መጡ፤ የሚናገሩት ብዙ አልነበረም፣ ግን መጡ። ውሃው በጎደለ ቁጥር ጀልባዋ አብራ ወደ ኋላ አለች፤ አንድ ቀን ከዳሱ አጠገብ፣ አንድ ቀን ከአግዳሚው አጠገብ፣ በመጨረሻም ወደ ድሮው ቦታዋ። ወ/ሮ ማርዴል ሰው ሁሉ ጎርፉ ጎደለልን ሲል ደስ ያላላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በ2009 ባለቤታቸው አቶ ዱዌይን በሞት ተለዩአቸው። ከዚያ በኋላ ወ/ሮ ማርዴል ጡረተኛ ሆነው ሳለ ከፓርኩ አልቀሩም፤ ከትምህርት ቤት ለሚመጡ ልጆች ዔሊ እንቁላሏን የምትቀብርበትን አሸዋ ያሳዩ ነበር። ባለፈው ዓመት የአባታቸው በሽታ እሳቸውንም ያዛቸው። ሆስፒታል በተኙ ጊዜ አቶ ኦርቪን በየቀኑ ይመጡ ነበር፤ ሆስፒታል ፓርክ አይደለም። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የወንዙን ከፍታና የአምባዛውን ነገር ይነግሯቸዋል፤ እኅታቸውም ዐይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። አንድ ቀን ወ/ሮ ማርዴል ልጃቸውን ጃኔልን ጠርተው፣ ወንድማቸው ባሉበት፣ የስንብት ጸሎቱ በቤተ ክርስቲያን ሳይሆን በመታጠፊያው ዳስ እንዲሆን፣ ወንበሮቹም ወደ ውሃው እንዲዞሩ አዘዙ። አቶ ኦርቪን ወደ መስኮቱ ዞሩ።

‹‹አላስገድድህም›› አሏቸው ወ/ሮ ማርዴል። ‹‹ብቻ ካለህበት ይሰማህ።››

ወይዘሮ ማርዴል ኤንገን ክሌመንሰን ሴፕቴምበር 9 ቀን 2024 በተወለዱ በ88 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ከጸሎቱ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ መካነ መቃብር ከባለቤታቸው ጎን ያርፋሉ። ልጃቸውን ጃኔልን፣ ልጃቸውን ከርትን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ ይህን ታሪክ የጻፈችውን የወንድማቸውን ልጅ ሊኔትን፣ አባቷን ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ኦርቪን ኤንገንን ትተው አልፈዋል።

አቶ ኦርቪን ይህ በሚነበብበት ሰዓት ጀልባቸው ላይ ናቸው። ስለዚህም ፓስተራችን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡ ተለምነዋል። ለቀስተኞችም አንድ ልመና አለን። ከጸሎቱ በፊትም ሆነ በኋላ ጀልባዋ ዳሩን ስትነካ ብትሰሙ፣ እባካችሁ ማንም አይነሣ፣ ማንም እጁን ለመደገፍ አይዘርጋ፣ ማንም ትኩር ብሎ አይይ። ከፊት ረድፍ ጫፍ ላይ ያለውን ወንበር ብቻ አትቀመጡበት። ጀልባዋ ዳሩን ሳትነካ ብትቀርም በሰውየው አትዘኑበት፤ እሳቸውም ያለቅሳሉ፣ እኛ ካለንበት አይታይም እንጂ።

የምድርንና የውሃን ወሰን የለየ አምላክ የወ/ሮ ማርዴልን ነፍስ ወሰን በሌለበት አገር ያሳርፍልን። ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ ለወንድማቸው የሁለት እርምጃ ብርታት ይስጥልን። አሜን።